ኮባልት ወይስ ኢሪዲየም? ውሃ ለመሰንጠቅ የቱ ይሻላል?

ድሬዳዋ ፀሐይ አይቸግራትም። የሚቸግረው ፀሐዩን ለማታ ማቆየት ነው። ቅጠል ይህን የሚያደርገው ውሃ ሰንጥቆ ነው፤ ሥራውን የሚሠራው አራት ማንጋኒዝ፣ አንድ ካልሲየምና አምስት ኦክስጅን ያለበት ደቃቅ ውህድ ነው። እኛም በፀሐይ ኤሌክትሪክ ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ከሰነጠቅን፣ ሃይድሮጅኑ ለማታ የሚቀመጥ ነዳጅ ይሆናል። ለመመረቂያ ጽሑፉ "በየትኛው ካታሊስት (ራሱ ሳያልቅ ኬሚካላዊ ለውጥን የሚያፋጥን ነገር) ልሥራ?" ለሚል የድሬ ልጅ ሁለቱን ብረታ ብረቶች፣ ኮባልትንና ኢሪዲየምን፣ እንዲህ አነጻጽርለታለሁ።

ዋጋ፦ ኢሪዲየም አይቀመስም። የዓለም ዓመታዊ ምርቱ ከ10 ቶን በታች ነው። ኮባልት በብዙ እጥፍ ይረክሳል።

ጥንካሬ፦ ኢሪዲየም ኦክሳይድ አሲድ ይችላል። ኮባልት አሲድ ውስጥ ይሟሟል። ግን ኬሚስቶቹ ዳንኤል ኖሴራና ማቲው ካናን በ2008 እ.ኤ.አ. ይፋ ያደረጉት የኮባልት ፎስፌት ሽፋን አሲድም አልካሊም ባልሆነ ለዘብተኛ ውሃ ውስጥ ይሠራል። የሟሟው ኮባልት፣ ኤሌክትሪኩ እስካልተቋረጠ ድረስ፣ ተመልሶ ይለጠፍና ሽፋኑ ራሱን ይጠግናል። ቅጠልም የተጎዳ ፕሮቲኑን እየቀየረ ነው የሚዘልቀው። እውነት ለመናገር እኔን የሚማርከኝ ይሄ ነው።

ውሃ፦ እዚህ ጋ ጠንቀቅ! የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያው ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይጋግራል። ቅርፊቱን የሚሠራው የውሃው ካልሲየም፣ ከኮባልቱ ጋር የሚጨመረውን ፎስፌት ሲያገኝ አብሮት ይዘቅጣል። ኢሪዲየም የሚጠቀሙ ማሽኖችም ያልተጣራ ውሃ አይወዱም። ስለዚህ በሁለቱም መንገድ ማጣሪያው ይቀድማል።

በጀትህ ትንሽ ከሆነና የቅጠሉን አሠራር መመርመር ከፈለግክ፣ ኮባልት። በትንሽ ቦታ ብዙ ሃይድሮጅን የሚያመርት፣ ከፀሐይ ፓነል መዋዠቅ ጋር ቶሎ የሚላመድ ማሽን ከታሰበና የሚከፍል ካለ፣ ኢሪዲየም።