የሻንጋይ–ቤጂንግ ፈጣን ባቡር ለጃዝ ተጫዋች

ሻንጋይ እየኖረ ቤጂንግ ለሚጫወት የውጭ አገር ሙዚቀኛ ከዚህ ባቡር የተሻለ መጓጓዣ የለም። 1,318 ኪሎ ሜትሩን ፈጣኖቹ ባቡሮች በአራት ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሱታል፤ መሣሪያውም ከባለቤቱ ሳይለይ ይደርሳል።

ፈተናው ልኩ ላይ ነው። ደንቡ ለአንድ አዋቂ 20 ኪሎ ግራም ይፈቅዳል፤ የዕቃው ርዝመት፣ ወርድና ከፍታ ተደምሮ ግን ከ130 ሴንቲ ሜትር ማለፍ የለበትም። ትራምፔትና አልቶ ሳክስፎን ጣጣ የላቸውም። ከአልቶ የሚበልጠው ቴነር ሳክስፎን በሰፊ ሳጥን ከሆነ ድንበሩ ላይ ስለሚቆም ቅርጹን የተከተለ ጠባብ መያዣ ይግዙለት። የ22 ኢንች ሲምባል (ከከበሮ ጋር የሚመታ የብረት ሳህን) ቦርሳ ቀጭን ስለሆነ ያልፋል። 88 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ አያልፍም፤ ትልቁ ባለ አውታር መሣሪያ ደብል ቤዝማ ጭራሽ የሚታሰብ አይደለም። ቤዝ ተጫዋቾች መምቻ ቀስታቸውን ብቻ ይዘው መሣሪያውን እዚያው ቢዋሱ ይሻላል።

ትኬት 12306 በተባለው የቻይና ባቡር መተግበሪያ በፓስፖርት ይቆረጣል። በሁለተኛ ማዕረግ ዲ ወይም ኤፍ ወንበር ይምረጡ፤ በዚያ ጎን የሚቀመጠው ሁለት ሰው ብቻ ነው። ከመጨረሻው ረድፍ ጀርባ ያለው ክፍተት ለሳጥን ምቹ ቢሆንም ሁሉም ይሻማበታልና ቀድመው ይግቡ። በር አጠገብ ያለው መደርደሪያ ላይ ግን ሳክስፎን አይተዉ። ከባድ ሻንጣ ከተጫነበት የቁልፎቹ ዘንግ ይጎብጣል፤ ቀዳዳዎቹን የሚደፍኑት ለስላሳ ፓዶች በደንብ አይገጥሙም፣ አየር ያመልጣል፣ ዝቅተኞቹ ድምፆችም አልወጣ ይላሉ።

በክረምት የቤጂንግ አየር ደረቅ ስለሆነ ሪድ (በሳክስፎኑ አፍ ላይ የሚታሰረው ቀጭን የሸምበቆ ልሳን) ይጣመማል፤ እርጥበት በሚጠብቅ ማቀፊያ ይያዙት።