ደሴ–ኮምቦልቻ በማኑዋል ያሪስ፦ ከ14 ወር በኋላ

ደላላው «እህቴ፣ ለጀማሪ አውቶማቲክ ነው የሚሻለው፤ ማኑዋል በደሴ ዳገት ያስለቅስሻል» ብሎኝ ነበር። ኮሚሽኑም የሚበልጠው በአውቶማቲኩ ነበርና አላመንኩትም። በእልህ ማርሹ በእጅ የሚቀየረውን ማኑዋል ገዛሁ ብዬ ባወራ ያምርብኝ ነበር፤ እውነቱ ግን ብሬ የደረሰው ለእሷ ብቻ መሆኑ ነው። ዕድሜዋ ተመሳሳይ የሆነች አውቶማቲክ ቪትስ 150 ሺህ ብር ያህል ትበልጥ ነበር። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና እንደ ወርቅ ሆኗል፤ እየቆየ ይወደዳል እንጂ አይረክስም።

እነሆ 14 ወር ሞላኝ፣ 17,300 ኪሎ ሜትር ነዳሁ። ለቅሶውም አልቀረም።

መኪናዋ በፈረንጅ አቆጣጠር የ2003 ሥሪት ያሪስ ናት፤ ከአውሮፓ የመጣች፣ ባለ 1 ሊትር ሞተር፣ ባለ 5 ማርሽ። ሬዲዮዋ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው የሐረጎ ዳገት ላይ ስንደርስ ዝም ይላል፤ ስለ ውስጧ ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም።

የምኖረው ደሴ፣ የምሠራው ኮምቦልቻ ነው። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 አካባቢ ናቸው። ጠዋት ሐረጎን ቁልቁል፣ ማታ ሽቅብ። ቱርቦ የሌለው ሞተር በደሴ ከፍታ አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። የኔዋ ከፋብሪካ ስትወጣ 68 የፈረስ ጉልበት ነበራት፤ እዚህ ቤቴ በር ላይ 50 መድረሷን እጠራጠራለሁ፣ እርጅናዋን ሳልቆጥር። ስለዚህ ለኛ አገር ሰው ጥያቄው ያቺን የቀረችውን ጉልበት ዳገት ላይ ማን በደንብ ይመድባታል የሚል ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ሳስብ ትዝ የሚለኝ የባጃጅ ጥሩንባ ነው። ከጦሳ ተራራ ሥር ወዳለው ቤቴ የሚወስደው የኮብልስቶን መንገድ ቀጥ ያለ ዳገት ነው። መሐሉ ላይ አህያ ከቆመች እኔም እቆማለሁ፤ ከቆምኩ ደግሞ መነሳት የለም። ፍሪሲዮኑን (ማርሽ ለመቀየር በግራ እግር የሚረገጠውን) ቶሎ ስለቅ ሞተሩ ይጠፋል፣ ሳዘገይ መኪናዋ ወደ ኋላ ትንሸራተታለች፣ ከኋላ ያለው ባጃጅ ይጮኻል፣ እግሬ ይንቀጠቀጣል። በኋላ አንድ ዘዴ ያገኘሁ መሰለኝ፤ ፍሬን ትቼ በግማሽ ፍሪሲዮንና በነዳጅ ብቻ ዳገቱ ላይ ሰቅዬ መያዝ። እንዴት ደስ ይላል! መኪናዋ ተንሳፍፋ ቀጥ ትላለች። ተካንኩ አልኩ።

በአምስተኛው ወር፣ ማታ ስመለስ፣ ሐረጎ አጋማሽ ላይ ሞተሩ እየጮኸ መኪናዋ አልሄድ አለች። የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ።

መካኒኩ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው። ካምቢዮውን፣ የማርሹን ሳጥን፣ አውርደው የፍሪሲዮኑን ዲስክ አወጡና እጄ ላይ አስቀመጡልኝ፤ ሸራው አልቆ ብረቱ ቀርቷል።

«ይቺን ማን ነው እንዲህ የበላት?»

«ጋሼ፣ ስገዛትም ያለቀች ሳትሆን አትቀርም።»

«ዳገት ላይ ስትቆሚ በምን ነው የምትይዣት?»

ነገርኳቸው። ሳቁ። «የእጅ ፍሬኑ ለጌጥ መሰለሽ? አብሽሪ፣ የሄደው ገንዘብ ነው።»

ገንዘቡ ዕቃና እጅ ተደምሮ 21 ሺህ ብር ነበር። ዲስኩ ሲቀየር ኩሽኔታውም አብሮ ይቀየራል፤ ካምቢዮ ለማውረድ ሁለት ጊዜ ከመክፈል ይሻላል። ጥገናው ሲያልቅ ራሳቸው ከጋራዡ መውጫ ዳገት ላይ አቆሙኝና ሃያ ጊዜ አሠሩኝ፦ የእጅ ፍሬን ያዢ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ፣ የሞተሩ ድምፅ ወፈር ብሎ አፍንጫዋ ቀና ሲል እግርሽን እዚያው አቁሚ፣ ነዳጅ ጨምሪ፣ ያን ጊዜ የእጅ ፍሬኑን ጣይ። ይኸው ነው። ማሠልጠኛ ሜዳ ላይ ይህን ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር የሠራሁት። ከዚያ ወዲህ ባጃጅ ጮኾብኝ አያውቅም ማለት አልችልም፤ እነሱ በምንም ይጮኻሉ። ወደ ኋላ ግን አልተንሸራተትኩም።

ዕቃው ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ሳምንት ፈጅቶ ነበር። አብሮኝ የሚሠራ ልጅ አውቶማቲክ ቪትሱን አዋሰኝ፤ ነዳጅ ልሙላልህ ስለው ተቆጣ። ስለዚህ ንጽጽሬ ከወሬ የመጣ አይደለም።

በመጀመሪያው ቀን ሥራ የፈታው ግራ እግሬ ፍሪሲዮን ፍለጋ ሄዶ ፍሬኑን ረገጠና ግንባሬ ከመሪው ሊላተም ምንም አልቀረውም። በሦስተኛው ቀን ግን ለመድኩት፤ እውነቱን ለመናገር ወደድኩት። የቤቴ ዳገት ከምንም የማይቆጠር ሆነ። ጭጋግ በወረደበት የሐምሌ ማታ፣ ከፊት ሲኖትራክ እየተንፏቀቀ፣ ሁለት እጅ መሪው ላይ አድርጎ መንገድ ብቻ ማየት ዕረፍት ነው። ሐረጎን ስወጣ ባለ 4 ማርሽዋ ቪትስ በሦስተኛና በአራተኛ መሃል እየዋለለች ታስቸግራለች፤ ማንሻው ጎን ያለውን የኦቨርድራይቭ ቁልፍ ሲያጠፉት አራተኛው ይዘጋና ሦስተኛው ላይ ጸንታ ትወጣለች። ጉልበቷ ከኔዋ አይሻልም፤ ማርሽ የምትቀንሰው ዳገቱ ከደከማት በኋላ ነው፣ እኔ ግን ኩርባውን ከሩቅ አይቼ ቀድሜ እቀንሳለሁ።

ያስፈራኝ ቁልቁለቱ ነው። ማንሻውን በተለመደው የመንጃ ቦታ፣ «ዲ» ላይ ትቼ ስወርድ መኪናዋ ከፍ ያለውን ማርሽ ይዛ ትከንፋለች፤ ከላይ እስከ ታች ፍሬን ላይ ተኝቼ ኮምቦልቻ ስገባ የፊት ጎማዎቹ አካባቢ ፍሬኑ ይሸት ነበር። ባለቤቱን «ማንሻውን ‹2› ላይ አድርገህ ታውቃለህ?» አልኩት።

«እሱ ደግሞ ለምንድን ነው?»

መኪናዋ እጁ ላይ አራት ዓመቷ ነው። በማግስቱ ከቁልቁለቱ አናት ላይ ፍጥነቴን ቀንሼ ከሁለተኛ ማርሽ በላይ ወደማትቀይርበት 2 አወረድኳት፤ ሞተሩ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያዛት፣ ፍሬን የነካሁት ኩርባ ላይ ብቻ ነው። አውቶማቲክ ቁልቁለት አይችልም የሚባለው እንግዲህ ከ«ዲ» በታች ያለውን ነክተው የማያውቁ ሰዎች ወሬ ነው።

የማኑዋል ነጂዎችም የራሳችን ጉድ አለን፤ ፎሌ፣ ማለትም ማርሹን ባዶ ማድረግ። ከሐረጎ አናት ጀምሮ ማርሹን ወደ ፎሌ ጥለው የሚንከባለሉ ስንት አሉ፣ ቤንዚን ይቆጥባል ብለው። በካርቡሬተር ዘመን ነገሩ ጥቂት እውነት ሊኖረው ይችል ይሆናል። ቤንዚኑ በኮምፒውተር የሚመጠንለት፣ ኢንጀክሽን ያለው መኪና ግን ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሳ ቤንዚኑን ጨርሶ ይዘጋል፤ ሞተሩን የሚያዞሩት ጎማዎቹ ናቸው። ፎሌ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መጠጣት አለበት። ቆጠብኩ ያለው ሰው የሚያቃጥለው ያኔ ነው። ሞተሩ ከጠፋበት ደግሞ ፍሬኑ ከጥቂት ርግጫ በኋላ እንደ ድንጋይ ይደነድናል። እኔ በሦስተኛ እወርዳለሁ፣ ጠባቦቹ ኩርባዎች ላይ በሁለተኛ። የፍሬን ሸራዬን እስካሁን አልቀየርኩም፤ ባለፈው ሳምንት ሲታይ ግማሽ ያህሉ አለ።

ከ2017 ወዲህ ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር ስላለፈ ሁሉንም በደብተር እይዛለሁ። ያሪስ በሊትር 15 ተኩል ኪሎ ሜትር ትሄድልኛለች፣ ቪትሷ 12 ተኩል ሄደችልኝ። ልዩነቱ ሁሉ የካምቢዮ ነው አልልም፤ የቪትሷ ጎማም አየር ጎድሎት ነበር።

አንድ ጊዜ ደግሞ ኅዳር ላይ ሐይቅ አሣ ልንበላ ሄደን መብራት ሳላጠፋ ወረድኩ። ከምሳ በኋላ ቁልፍ ባዞር ባትሪው ጭጭ። አራት ልጆች ገፉኝ፣ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቼ ፍሪሲዮኑን ድንገት ስለቅ ተነሳች፤ ልጆቹ ጭብጨባቸውን አቀለጡት። አውቶማቲክ ቢሆን ከሰው ባትሪ በሽቦ መለመን ነበር። የካምቢዮው ዘይት ፓምፕ የሚዞረው በሞተሩ ስለሆነ፣ የቪትሷን ዓይነት ቢገፉት አይነሳም፤ ሲጎተትም የሚነዱት የፊት ጎማዎች ከመሬት ተነስተው መሆን አለበት።

ማኑዋልን የረገምኩበት ቀን የአጎቴ ልጅ ሰርግ ነው። ከሸዋ በር እስከ ፒያሳ በአጀብ፣ በእግረኛ ፍጥነት፣ ፍሪሲዮን መርገጥ መልቀቅ፣ መርገጥ መልቀቅ። ሌሎቹ በመስኮት ወጥተው ይጨፍራሉ፣ እኔ ግራ ጉልበቴን እያሸሁ ነበር። የነዳጅ ሰልፍም ያው ነው።

ባለፈው ወር ታናሽ እህቴ መኪና ልትገዛ ስትነሳ አውቶማቲክ እንድትገዛ የመከርኳት እኔ ነኝ። የምትኖረው ኮምቦልቻ፣ ሜዳው ላይ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል፣ ሐረጎን የምትወጣው ቅዳሜ እናታችንን ልትጠይቅ ብቻ ነው። ሦስት መኪና አየን። የመጀመሪያዋን የካምቢዮ ዘይት መለኪያ ሳወጣ ዘይቱ ቡና መስሎ የተቃጠለ ይሸታል፤ ቀይና ጥርት ያለ መሆን ነበረበት፤ ተውናት። ሁለተኛዋ ፍሬን ተረግጦ «ዲ» ላይ ስትገባ ቆይታ ቆይታ ደረቷን እንደተመታ ሰው ትደነግጣለች። ሦስተኛዋን፣ ሞተሯ ቀዝቅዞ እንዳለ ጠዋት ሄደን አስነስተን፣ ገዛናት።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ማታ «በሰላም ወርጄ ገባሁ» ብላ ደወለችልኝ።

«በስንት ወረድሽ?»

«በ2።»

«ፍሬኑ ሸተተሽ?»

«ኸረ አልሸተተኝም» አለች፣ «ከኋላዬ የነበረው ሚኒባስ ግን እስከ ታች እየሰደበኝ ነው የመጣው።»