ወደ አዲስ ግጦሽ፦ ላም ትሻላለች ወይስ ጊደር?

ከብት ከደረቅ ሣር ወደ ለምለም መስክ፣ ወይም በተቃራኒው ሲዛወር ያደገች ላም ትሻላለች ወይስ ጡት የጣለች ጊደር? የዘንድሮ ወተት የግድ ካልሆነብኝ እኔ ጊደሯን እመርጣለሁ።

ላሟ ብዙም ሳትቆይ ትታለባለች፤ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ነገር ግን የሚበላውን ከማይበላው የለየችው በጥጃነቷ እናቷን ተከትላ ነው። አዲሱ መስክ ላይ የለመደችውን ሣር ፍለጋ ስትንከራተት ትንሽ በልታ ትውላለች፣ ትከሳለች። ሲርባት ደግሞ የማታውቀውን መርዛም ተክል ልትግጥ ትችላለች። ጊደሯ አዲስ ነገር ለመቅመስ ድፍረት አላት፤ ቦታውን ከሚያውቁ ከብቶች ጋር ከተሰማራች ቶሎ ትማራለች።

መዥገር በሚበዛበት አገር ልዩነቱ የሞትና የሕይወት ነው። መዥገር የሚያስተላልፈውን፣ ባቤሲያ የተባለውን የደም ጥገኛ ተሕዋስ ጥጆች እስከ 9 ወር ገደማ በተፈጥሯቸው ይቋቋሙታል፤ በዚያ ዕድሜ ቢይዛቸው ለወደፊቱም መከላከያ ያዳብራሉ። ያደገች ላም ግን መጀመሪያ ስትያዝ ልትሞት ትችላለች። ስለዚህ ጊደሯም ብትሆን በጊዜ ብትሄድ ይሻላል።

በአንድ ነገር ግን ሁለቱም እኩል ናቸው። በጨጓራቸው መኖ የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን አዲሱን ምግብ ለመልመድ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ይፈጅባቸዋል። በተለይ አልፋልፋ ወይም ማገጥ የበዛበት መስክ ላይ ተርበው ከተለቀቁ ሆዳቸው ይነፋል፤ አስቀድሞ ድርቆሽ ማብላት፣ የግጦሹንም ሰዓት ቀስ በቀስ ማርዘም ያስፈልጋል።