ትራንስፈር ከመቀየራችሁ በፊት እኚህን መካኒክ አማክሩ

እኚህን ሰው በአደባባይ ሳላመሰግን ብቀር ሕሊናዬ አያርፍም። በተለይ ሌላ ሰው የነካካውን ፎር ዊል የገዛችሁ፣ እባካችሁ አንብቡልኝ።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1994 ላንድክሩዘር 80 ነው፤ ከፋብሪካ ሲወጣ አራቱም ጎማ ሁልጊዜ የሚነዳ። ከገዛሁት ጀምሮ አስፋልት ላይ መሪ ጠምዝዤ ሳዞር ፍሬን የተያዘ ያህል ይጎተታል፣ ከሥሩም ‹‹ቋ!›› ይላል። ኮረኮንች ላይ ግን ሰላም ነው። አንድ ጋራዥ ሥሩን እንኳ ሳያይ ‹‹ትራንስፈሩ አልቋል፣ ይቀየር›› አለኝ፤ ትራንስፈር የሞተሩን ኃይል ለፊትና ለኋላ ጎማዎች የሚያከፋፍለው የማርሽ ሳጥን ነው።

እኚህ መካኒክ ግን መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት ጠየቁኝ። ‹‹ልጄ፣ አፈር ላይ የሚተው በሽታ ያረጀ ማርሽ አይመስለኝም›› አሉ።

የአራቱን ጎማ ዙሪያ በሜትር ለኩ፤ ልዩነት የለም። ካርዳኑ (ከትራንስፈሩ ወደ ጎማዎቹ ኃይል የሚወስደው ዘንግ) ላይ በጠመኔ ምልክት አድርገው የፊቶቹን፣ ከዚያም የኋለኞቹን ሁለት ጎማዎች እኩል እያዞሩ ቆጠሩ፦ ጎማው 10 ዙር፣ ካርዳኑ 41። የፊቱም የኋላውም ያው 4.1። አንዱ ዲፈረንሻል (የግራና የቀኝ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው የማርሽ ክፍል) የዙር ቁጥሩ በሚለይ ተለውጦ ቢሆን እዚህ ይያዝ ነበር።

ከዚያ ማርሹን ኒውትራል አድርገው፣ የእጅ ፍሬን ይዘው፣ አንዱን የፊት ጎማ በክሪክ አነሱ። የመሃሉ ዲፈረንሻል ደህና ከሆነ ጎማው በእጅ ሲገፋ መዞር አለበት፤ ቪስኮስ ካፕሊንግ (በወፍራም ፈሳሽ የፊቱንና የኋላውን የፍጥነት ልዩነት የሚገታ ክፍል) ካለውም ከበድ ብሎ ቀስ በቀስ ይዞራል። የእኔው ንቅንቅ አላለም። ትራንስፈሩ ሲከፈት የመሃል ዲፈረንሻል የሚባል ነገር የለም! በቦታው የፊቱንና የኋላውን ካርዳን አንድ ላይ የሚያስር ድፍን ብረት ገብቷል።

ምክንያቱን ቁጭ ብለው አስረዱኝ። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋለኞቹ ሰፋ ያለ መንገድ ስለሚሄዱ የፊቱ ካርዳን ፈጠን ብሎ መዞር አለበት። ሁለቱን የሚያስታርቀው የመሃሉ ዲፈረንሻል ነው። እሱ ከወጣ ውጥረቱ ካርዳኑና ማርሾቹ ላይ ይጠራቀማል፤ አፈር ላይ ጎማው ትንሽ ስለሚንሸራተት ይለቀቃል፣ አስፋልት ግን አይለቅም። ያንን ብረት ያስገባ ሰው የፊት ጎማዎቹ ላይ ፍሪ ሃብ (ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ ማላቀቅ የሚያስችል መያዣ) መጨመር ነበረበት፤ አልጨመረም።

ከሳቸው በፊት የሠራውን ግን አላሙትም፤ ‹‹ሥራው ግማሽ ላይ ቀርቷል›› ብቻ አሉ። ፍሪ ሃብ ማስገባት ወይም ወደ ጥንቱ መመለስ፣ ምርጫው የእኔ እንደሆነ ነገሩኝ። መመለሱን መረጥኩ። አሁን መሪውን እስከ መጨረሻው ጠምዝዤ ሳዞር ድምፅ የለም። የወጣውንም ብረት ጠርገው እጄ ላይ አስቀመጡልኝ፤ እንዲህ ያለ ታማኝነት እንዴት ደስ እንደሚል!

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ስትሄዱ መኪናው ላይ ከዚህ በፊት የተቀየረውን የምታውቁትን ሁሉ ንገሯቸው፣ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።