ቦሌ የወሰድኩት የፀጉር ፒአርፒ (ከራስ ደም ተለይቶ የራስ ቆዳ ላይ የሚወጋ ፈሳሽ)

ጠባብ ሹሩባ ግንባሬ ጠርዝ ላይ ፀጉሬን አሳስቶት ነበር። የቆዳ ሐኪሟ መርፌ ከማንሳቷ በፊት የራስ ቆዳዬን በማጉያ አየችና «ሥሩ ከሞተ ፒአርፒ አያበቅለውም፤ ያንቺ ገና አለ። ሹሩባውን ግን ተዪው» አለችኝ። እንዲህ በግልጽ መናገሯን በጣም ወደድኩላት። ደሜን ቀድታ ቱቦው ላይ ስሜን ጻፈች፤ ማሽኑ እያየሁት አሽከረከረው፤ ቀዩ ዘቅጦ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚረዱ ጥቃቅን የደም ሕዋሳት) የበዛበት ቢጫ ፈሳሽ ተለየ። መርፌው ያማል፣ ማደንዘዣ ቅባት ጠይቁ። ከወራት በኋላ ቀጫጭን ፀጉር ወጥቶልኛል፤ ጆሮዬ አጠገብ ያለው ግን ያው ነው።

ቱቦና መርፌው ፊታችሁ ይከፈት። አሜሪካ ኒው ሜክሲኮ እ.ኤ.አ. በ2018 በተዘጋ ስፓ ውስጥ በፒአርፒ የፊት ሕክምና ደንበኞች በኤችአይቪ ተይዘዋል። ክሊኒኩ ክፍያው በየመርፌው ቀጠሮ መሆኑን አስቀድሞ አልነገረኝም፤ ይህን ማስተካከል አለበት።