«100% ሄት» ብሎ የሚለጥፍ ሻጭ ጋ የእባቡን ወላጆች ካርድ ሳታዩ እንዳትከፍሉ

ንዴቴ ገና አልበረደም። ለማርባት ሴት ቦል ፓይቶን እባብ እየፈለጋችሁ ያላችሁ ሁሉ እባካችሁ አንብቡት። ሻጩን ታውቁታላችሁ፤ ሳጥን ደርድሮ፣ ክዳኑ ላይ የጂኑን ስም በማርከር ጽፎ፣ ጽሑፉ በረዘመ ቁጥር ዋጋ የሚቆልለው ዓይነት ነው።

የእኔዋ ሳጥን ላይ «100% ሄት ፓይቦልድ» ይላል። ፓይቦልድ ሰውነቱ ላይ ነጭ ቦታ ያለበት መልክ ነው፤ ሄት ማለት የዚያን መልክ ጂን አንዱን ብቻ የያዘ፣ 100% ደግሞ መያዙ እርግጠኛ ነው ማለት ነው። መልኳ ኖርማል ነው። ፓይቦልድ ሪሴሲቭ (ከእናትም ከአባትም ካልተወረሰ የማይታይ) ስለሆነ አንድ ጂን ብቻ የያዘች እባብ ነጩን አታሳይም፤ ስለዚህ የከፈልኩት ለሻጩ ቃል ነው። ሴቷ እንቁላል ለመጣል እስክትደርስ ደግሞ 3 ዓመት ገደማ ይፈጃል። አሳደግኳት፣ ከፓይቦልድ ወንድ ጋር አዳቀልኳት፣ 6 እንቁላል ጣለች። ሁሉም ተፈለፈሉ፤ ሁሉም ኖርማል። እውነት ሄት ብትሆን እያንዳንዱ ልጅ ፓይቦልድ የመሆን ዕድሉ ግማሽ ነበር። 6ቱም ኖርማል የሚሆኑት ከ64 አንዴ ነው።

ያ አንዴ ደርሶብኝ ይሆናል ብዬ ለመፍረድ አልቸኮልኩም። ሱቁ ሄጄ የወላጆቿን ካርድ ጠየቅሁ። ሠራተኛው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል መሳቢያውን ስቦ ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ወረወረልኝ። አባት፦ ሄት ፓይቦልድ። እናት፦ ሄት ፓይቦልድ። ደግሜ አነበብኩት። ደሜ ፈላ።

ሁለት ሄቶች ሲዳቀሉ በአማካይ ከአራት ልጆች አንዱ ፓይቦልድ፣ ሁለቱ ሄት፣ አንዱ ባዶ ነው። ኖርማል መልክ ካላቸው ሦስቱ ጂኑን የያዙት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የትኞቹ እንደሆኑ ደግሞ በዓይን አይለይም። «66% ሄት» የሚባለው ለዚህ ነው። ቁጥሩ ዕድል ነው፤ እባቧ ጂኑ ወይ አላት ወይ የላትም። በትውልዷ ብቻ መቶ ለማለት ከወላጆቿ አንዱ ራሱ ፓይቦልድ መሆን ነበረበት። ያ ካርድ እኮ የከፈልኩ ቀንም እዚያው መሳቢያ ውስጥ ነበር!

«ታዲያ ለምን መቶ ብላችሁ ጻፋችሁ?» አልኩት። ሌላ እባብ ከሳጥን አውጥቶ በጀርባዋ ገለበጣትና፣ ሆዷ ላይ በግራና በቀኝ ወደ ጅራቷ የሚወርዱትን ሁለት ጥቁር መስመሮች በጣቱ እየተከተለ «ይሄ ካለ መቶ ነው፣ እኛ በዓይን እናውቃለን» አለኝ። መስመሩ ፍንጭ ሊሆን ይችላል። ግን ጂኑ የሌላቸውም ያሳዩታል፣ ያላቸውም ላያሳዩት ይችላሉ። ይህን ስነግረው «አንተ ልታስተምረን ነው? ማርባት ካልቻልክ ለምን ትገዛለህ?» ብሎ ከጓደኛው ጋር ተሳሳቀብኝ። ልወጣ ስል ደግሞ «ጫጩቶቹን ከፈለግህ በኖርማል ዋጋ እንወስድልሃለን» አለ። አባታቸው ፓይቦልድ ነው! 6ቱም እውነተኛ 100% ሄቶች ናቸው፣ እሱም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ከገንዘቡ በላይ ያቃጠለኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የወላጆቹን ካርድ በዓይናችሁ እዩ፣ ደረሰኙም ላይ ይጻፍላችሁ። እባቧ ከቀየረችው ቆዳ ፓይቦልድን የሚመረምሩ ላቦራቶሪዎች አሉ፤ ሻጩ «አያስፈልግም» ካለ ጥላችሁ ውጡ። አክሳንቲክ (ቢጫ ቀለም የሌለው ግራጫ መልክ) የምትገዙ ደግሞ የየትኛው ዘር መስመር እንደሆነ ጠይቁ፤ ቪፒአይና ቲኤስኬ የሚባሉትን ብታዳቅሉ የምታገኙት ኖርማል መልክ ያላቸው ልጆች ነው።