የአውስትራሊያ ፉትቦል ከመጨናነቅ እየወጣ ነው? የኤኤፍኤል የደንብ ለውጦች ከተመልካች ወንበር ሲመዘኑ

በሜልበርን ክሪኬት ግራውንድ የላይኛው ደርብ ላይ፣ ከጎሉ ጀርባ ተቀምጦ የአውስትራሊያን ፉትቦል የሚከታተል ሰው ቴሌቪዥን የማያሳየውን አንድ ነገር ያያል። ኳሷ የሜዳውን ጠርዝ አልፋ ትወጣለች። የጠርዝ ዳኛው አንስቷት፣ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ፣ በራሱ አናት ላይ አሻግሮ እስኪወረውራት ድረስ ጥቂት ሰከንዶች ያልፋሉ። በእነዚያ ሰከንዶች ውስጥ በሜዳው ካሉት 36 ተጫዋቾች አብዛኞቹ ከየአቅጣጫው እየሮጡ ወደዚያው ጥግ ይሰበሰባሉ፤ ርዝመቱ 160 ሜትር ገደማ የሆነው ሞላላ ሜዳ ግማሽ በግማሽ ባዶውን ይቀራል። ኳሷ ስትወረወር አንዱ ይይዛታል፣ ሦስት ሰው ይወድቅበታል፣ ዳኛው ፊሽካ ይነፋል፤ ኳሷ እንደገና ወደ ላይ ትወረወራለች፣ እንደገናም ሰው በሰው ላይ ይከመራል። እዚህ አገር ይህን «ኮንጀሽን» ይሉታል፤ እኔ መጨናነቅ እለዋለሁ።

ይህ ግምገማ አንድን ክለብ ወይም አንድን ግጥሚያ አይመለከትም። የሚመለከተው ኤኤፍኤል፣ ማለትም የአውስትራሊያ ፉትቦል ዋናው ሊግ፣ ለተመልካቹ የሚሸጠውን ነገር ራሱን፣ ማለትም ጨዋታውን፣ እንዲሁም ሊጉ መጨናነቁን ለመቀነስ ባለፉት ዓመታት ያወጣቸውን ደንቦች ነው። የምኖረው በፉትስክሬይ ነው፤ የአገራችን ምግብ ቤቶችና ቡና ቤቶች ከተሰባሰቡባቸው የሜልበርን ሰፈሮች አንዱ ይህ ሲሆን፣ የዌስተርን ቡልዶግስም መነሻው እዚሁ ነው። ክለቡ በ2016 ዓ.ም. (ዘመኑ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው) ሲድኒን 89 ለ67 አሸንፎ ከ1954 ወዲህ የመጀመሪያውን ዋንጫ ሲያነሳ ሰፈሩ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ለብሶ ነበር፤ እኔም ይህን ጨዋታ በቁም ነገር መከታተል የጀመርሁት ከዚያ በኋላ ነው። በእግር ኳስ ዓይን ላደገ ሰው መጀመሪያ ላይ የሚከብደው ነጥብ አቆጣጠሩ አይደለም፤ ጎል 6 ነጥብ፣ ከጎኑ ያለፈች ኳስ 1 ነጥብ መሆኑ በአንድ ቀን ይለመዳል። የሚከብደው ሜዳው ያ ሁሉ ስፋት እያለው ሰው ሁሉ ለምን በአንድ ቦታ እንደሚታጨቅ መረዳት ነው።

ምክንያቱ በጨዋታው መሠረት ላይ ያለ ነው። የሜልበርን ፉትቦል ክለብ ሰዎች በግንቦት 1859 አሥር ደንቦችን ጽፈው ሲፈርሙ ኦፍሳይድ የሚባል ነገር አላስገቡም። ስለዚህ ማንኛውም ተጫዋች በማንኛውም ጊዜ በማንኛውም ቦታ መቆም ይችላል፤ የጨዋታው ውበትም ጣጣውም ከዚህ ነፃነት የሚመነጭ ነው። ለረጅም ዘመን ነፃነቱን የሚገድበው የሰው ጉልበት ብቻ ነበር፤ የኋላ ተከላካይ ኳስ ፍለጋ እስከ ፊት ሮጦ መመለስ ስለማይችል በቦታው ይጠብቅ ነበር። በ1978 ግን ወጥቶ መመለስ የሚችል ተቀያሪ ተፈቀደ፤ መጀመሪያ ሁለት፣ በ1994 ሦስት፣ በ1998 አራት ሆነ። አሰልጣኞች ተቀያሪን ለተጎዳ ሰው መተኪያ ማድረጋቸውን ትተው የትንፋሽ መሰብሰቢያ አደረጉት፤ በ2010 አካባቢ አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ ከመቶ ጊዜ በላይ ሰው ያስወጣና ያስገባ ነበር። ሁሌ ትንፋሹ የተመለሰ ተጫዋች ደግሞ ሁሌ ኳሷ ያለችበት ቦታ ይደርሳል።

ሁሉም መጨናነቅ መጥፎ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። የ2005ቱ የፍጻሜ ጨዋታ፣ ሲድኒ ዌስት ኮስትን 58 ለ54 ያሸነፈበት፣ ጎል የተቆጠበበትና እያንዳንዱ ሜትር በትግል የተያዘበት ነበር፤ ሊዮ ባሪ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች በሰው ጫካ መሃል ዘሎ የያዛት ኳስ እስከ ዛሬ ይወራላታል። ዳሩ ግን ያ ውጥረት በመስከረም መጨረሻ፣ በመቶ ሺህ ሰው ፊት የሚጣፍጥ ነው። በሰኔ ብርድ፣ በዝናብ፣ በተራ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተመሳሳዩን ነገር ሁለት ሰዓት ተኩል መመልከት ልጅ ይዞ ለመጣ ወላጅ አድካሚ ነው። በ1980ዎቹ አንድ ቡድን በአማካይ ከ100 ነጥብ በላይ ያስቆጥር ነበር፤ በ2019 ግን አማካዩ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ወዳልታየ ዝቅታ ወረደ።

ሊጉ በመጀመሪያ የሞከረው መድኃኒት ተጫዋቹን ማድከም ነበር። በ2011 ከአራቱ ተቀያሪዎች አንዱ ተተኪ ብቻ ሆነ፤ እሱ ሲገባ የተካው ሰው ተመልሶ መግባት አይችልም ነበር፤ በ2014 ቅያሬው ለአንድ ቡድን በ120 ተወሰነ፤ በ2016 ወደ 90፣ በ2021 ወደ 75 ወረደ። ሐሳቡ ቀላልና አሳማኝ ይመስላል፤ ሰው ሲደክም ይዘገያል፣ ሲዘገይ ሜዳው ይከፈታል። ከወንበር ሆኜ ያየሁት ግን ሌላ ነው። የደከመ ተጫዋች መጀመሪያ የሚተወው ወደ ፊት መሮጡን ነው፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ከኳሷ ጀርባ መቆሙን አይተውም፣ አሰልጣኙ አይፈቅድለትምና። የምቱ ጥራትም ይወርዳል፤ ዒላማዋን የሳተች ኳስ ደግሞ መልሳ የምትወድቀው እዚያው ክምር ውስጥ ነው። ቅያሬው በ90 ተወስኖ ሳለ የጎል መጠን መውረዱን አለማቆሙ ይህን ዕይታዬን ያጠነክርልኛል። ገደቡ ይነሳ አልልም፣ ካልተገደበ የባሰ ይሆን ነበርና፤ ብቻውን ግን ያን ያህል አልፈወሰም።

ሁለተኛው መድኃኒት ቦታ መመደብ ነው። በ2019 የገባው «ስድስት ስድስት ስድስት» የሚባለው ደንብ፣ ኳሷ ከመሃል ሜዳ በምትጀምርበት ጊዜ ሁሉ እያንዳንዱ ቡድን በየጎሉ ፊት ባለው የ50 ሜትር ቅስት ውስጥ ስድስት ስድስት ሰው፣ በመሃሉ አራት ማዕዘን አራት፣ በሁለቱ ክንፍ አንዳንድ ሰው እንዲያቆም ያስገድዳል። መነሻው አዲስ አይደለም፤ በመሃል ሜዳ ከአንድ ቡድን ከአራት ሰው በላይ እንዳይገባ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተደንግጓል። ይህን ደንብ ከልቤ እወደዋለሁ። ቀድሞ አንድ ቡድን በአንድ ጎል እየመራ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ተጨማሪ ሰዎችን ወደ ኋላ ስቦ በሩን ይዘጋ ነበር፤ ዛሬ ከጎል በኋላ ያ አይቻልም፤ ኳሷ ከመሃል ከወጣች አንድ ረጅም ምት ብቻ ይበቃል፣ አጥቂና ተከላካይ አንድ ለአንድ ይገናኛሉ፣ ደጋፊው ሁሉ ከመቀመጫው ይነሳል። እንከኑ ዕድሜው አጭር መሆኑ ነው። ኳሷ ከዳኛው እጅ እንደለቀቀች ሁሉም ወደፈለገበት መሮጥ ይችላል፤ ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላም ክምሩ ተመልሶ ይሠራል። ይህንኑ ምደባ ኳስ ከጠርዝ ስትወረወርም እንዲሠራ የሚጠይቁ አሉ፤ እኔ አልደግፈውም። ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ የሰው ቁጥር እየቆጠረ ጨዋታውን ካቆመ፣ ተመልካቹ የሸሸውን መጠበቅ በሌላ ስም መልሶ ሊያገኘው ነው።

የ2021ዱ «ስታንድ» ደንብ ከዚህ የተሻለ ውጤት አምጥቷል፣ ምንም እንኳ ለዓይን ባያምርም። ተጫዋች ከ15 ሜትር በላይ የተመታች ኳስ ሳትነጥር ሲይዝ ወይም ቅጣት ምት ሲያገኝ፣ ከፊቱ የሚቆመው ተጋጣሚ ዳኛው «ስታንድ!» (ቁም!) ሲለው እንደ ምሰሶ ደርቆ መቅረት አለበት። ቀድሞ ያ ሰው ወደ ጎን እየተንሸራተተና እጁን እያወናጨፈ ወደ መሃል ሜዳ የሚወስደውን ሰያፍ መንገድ ይዘጋ ስለነበር፣ ኳሱን የያዘው በጠርዙ በኩል ከመምታት ሌላ ምርጫ አልነበረውም፤ ጠርዝ ደግሞ የመጨናነቅ መፈልፈያ ነው። ዛሬ መሃሉ ክፍት ነው፣ ኳሷ ከአንዱ ክንፍ ወደ ሌላው ትሻገራለች። ቅጣቱ ግን ከጥፋቱ ጋር አይመጣጠንም። አንድ እርምጃ ወደ ጎን የተነቃነቀ ሰው ቡድኑን 50 ሜትር ያስቀጣል፣ ማለትም ተጋጣሚው ኳሷን ይዞ 50 ሜትር ወደ ጎሉ ይጠጋል፤ ይህም ብዙ ጊዜ ጎል ማለት ነው። ግማሹ ቢሆን ደንቡ ተከብሮ ይኖር ነበር፣ ተመልካቹም በዳኛው ላይ አይጮኽም ነበር።

በ2017 ኳስ ወደ ላይ ስትወረወር ከሁለቱ ረጃጅም ተፋላሚዎች ሌላ ሦስተኛ ሰው እንዳይዘል የተከለከለውን በጎ ብዬ አልፈዋለሁ። የመሃል ሜዳው ኳስ አጀማመር ግን አንድ ቃል ይገባዋል። ዳኛው ኳሷን መሬት ላይ አንጥሮ ጨዋታውን ማስጀመሩ የዚህ ስፖርት መለያ ነበር፤ ከ2026 የውድድር ዘመን ጀምሮ ወደ ላይ በመወርወር ተተክቷል። ሞላላ ኳስ ስትነጥር ወደ አንድ ወገን አዘንብላ ዳኛው ሲደግመው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ውሳኔው ይገባኛል፤ ሆኖም የነጠረችው ኳስ ወደ ሰማይ ስትወጣ የሚነሳው የሕዝብ ድምፅ ይናፍቀኛል።

ከሁሉም በላይ የማደንቀው ለዚሁ ለ2026 የጸደቀውን የጠርዝ ደንብ ነው። በሁለቱ የ50 ሜትር ቅስቶች መካከል አንድ ተጫዋች የመታት ወይም በጡጫ ያቀበላት ኳስ ማንም ሳይነካት ከሜዳ ከወጣች፣ ውርወራ ቀርቶ ለተጋጣሚው ቅጣት ምት ይሰጣል። ሐሳቡ ለዚህ ጨዋታ እንግዳ አይደለም፤ ከ1925 እስከ 1939 ድረስ ኳስ ያስወጣ ወገን በቅጣት ምት ይቀጣ ነበር፣ በአየር ላይ እንዳለች ሳትነጥር ለወጣች ኳስም ከ1969 ጀምሮ ቅጣት ምት ይሰጣል። የደቡብ አውስትራሊያ ሊግ በ2016 መልሶ አምጥቶታል፣ የሴቶቹ ሊግም ለዓመታት ሲጫወትበት ቆይቷል። ሌሎቹ ደንቦች ሰዉ ከተሰበሰበ በኋላ እንዴት እንደሚበተን ይጨነቃሉ፤ ይህ ግን ለመሰብሰብ የሚያስፈልገውን ጊዜ ራሱን ይነፍጋል። 36 ሰው በአንድ ቦታ የሚታጨቀው ኳሷ ስለቆመች ነው፤ ካልቆመች በፍጥነት የሚደርስባት የለም። ከዚህም ሌላ፣ በጭንቅ ላይ ያለ ተከላካይ ኳሷን በጠርዙ እያንከባለለ እፎይ የሚልበት መንገድ ስለሚዘጋ፣ ዓይኑን ወደ መሃል ለማንሳት ይገደዳል።

የሚቃወሙት ሰዎች ክርክር መሠረት የሌለው አይደለም። በጠርዝ የምትወረወር ኳስ ላይ የሚደረገው ፍልሚያ የራሱ ጥበብ አለው፤ ረጅሙ ሰው ዘሎ በጣቱ ጫፍ ወደሚፈልገው ጓደኛው ሲጥላት ማየት ደስ ይላል። ስለዚህም ደንቡ በጎሎቹ አቅራቢያ አለመሥራቱ ብልህነት ነው፤ ፍልሚያው ጎል ሊያስገኝ በሚችልበት ቦታ ሁሉ ውርወራው አለ፣ የሚቀረው በክንፍ በኩል ያለው አሰልቺው ነው። በዚያው ዓመት የተቀያሪዎች ቁጥር አምስት እንዲሆን መወሰኑ ግን ከዚህ ዓላማ ጋር አብሮ የሚሄድ አልመሰለኝም፤ አንድ እጅ ሜዳውን ሲከፍት ሌላው ትኩስ እግር ይጨምርበታል።

አሁንም ካልበቃ የሰው ቁጥር መቀነሱን ብመርጥ ይሻለኛል። የቪክቶሪያው ሁለተኛ ሊግ ከ1959 ጀምሮ ለአሥርታት በ18 ፋንታ በ16 ሰው ተጫውቷል፣ የሴቶቹ ሊግም እስከ ዛሬ በ16 ነው። ሁለት ሁለት ሰው ሲቀነስ የማንንም ነፃነት አይነካም፣ ዳኛም ምንም አይቆጥርም።

ጨዋታውን ገና ለመልመድ ለሚፈልግ ቤተሰብ ምክሬ እንደሚከተለው ነው። በትልቁ ስታዲየም ከሆነ ከጠርዝ አጠገብ ያለውን የታች ወንበር አትሽቀዳደሙበት፤ የተጫዋቹን ትንፋሽ ትሰሙ ይሆናል፣ ነገር ግን የምታዩት ጀርባ ብቻ ነው። ከጎል ጀርባ ከፍ ብላችሁ ተቀመጡ፤ የስድስት ስድስት ስድስቱ አሰላለፍ እንደ ገበጣ ሰሌዳ ፊታችሁ ይዘረጋል። ከዚያ በፊት ግን የሴቶቹ ቡልዶግስ ፉትስክሬይ ውስጥ በዊተን ኦቫል ሲጫወቱ ሂዱ። ስፍራው ትንሽ ነው፤ ልጆች በአጥሩ ላይ ተደግፈው ይመለከታሉ፣ የኳሷ ምት ድምፅ ይሰማል። ባለፈው ወቅት እኔ ቆሜበት ከነበረው አጥር ፊት ለፊት አንዲት ተጫዋች ወደ ክንፍ የመታቻት ኳስ ነጥራ ወጣች፤ ዳኛዋ ወዲያው እጇን ዘረጋች፣ ተጋጣሚዋ ኳሷን አንስታ ቀና ብላ አየች፣ ከመሃል ሜዳ የሚሮጡት ሴቶች ገና ግማሽ መንገድ ላይ ሳሉ ኳሷ በራሳቸው ላይ አልፋ ማዶ ብቻዋን ወደቆመች ጓደኛዋ እጅ ገባች።